ሦስት 78 አንድ 92 አይሆንም

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው። «ኤም ኤል ቢ ዘ ሾው የሚባለው የቤዝቦል ቪዲዮ ጌም ላይ ፍራንቻይዝ ሞድ (አንድ ቡድን ለብዙ ዓመት የሚያስተዳድሩበትን) እጫወታለሁ። በሁለተኛው ዓመት ኦቨሮላቸው (አጠቃላይ የችሎታ ነጥባቸው) 78 የሆነ ሦስት ተጫዋቾች ሰጥቼ፣ ገና 24 ዓመቱ የሆነ 92 ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ) ወሰድኩ። ኮምፒውተሩ ወዲያው እሺ አለ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን በዓመት 120 ጨዋታ እያሸነፍኩ ጌሙ ደበረኝ። ፍትሃዊ የሆነ፣ እውነተኛ የሚመስል የተጫዋች ልውውጥ እንዴት ነው የሚሠራው? የልውውጡን ክብደት (ኮምፒውተሩን ማሳመን ምን ያህል እንዲከብድ የሚወስነውን ቅንብር) ከፍ ማድረግ ብቻ ይበቃል?»

ወንድሜ፣ ከ120ው ልጀምር። በሜጀር ሊግ (በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ታሪክ በአንድ መደበኛ ሲዝን ከ116 በላይ ያሸነፈ ቡድን የለም። ቺካጎ ከብስ በ1906፣ ሲያትል ማሪነርስ ደግሞ በ2001 እዚያ ደርሰዋል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ከዚያ ወዲያ የሄደ የለም። አንተ በሁለተኛው ዓመትህ አለፍካቸው። የደበረህም ለዚህ ነው፤ የሚያስጨንቅህ ነገር አልቆብሃል። ራስህ አስተውለህ መጠየቅህ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ሰቩን (የተቀመጠውን ጨዋታ) ጥሎ አዲስ ይጀምርና በሦስተኛው ቀን ያንኑ ልውውጥ ይደግማል።

ክብደቱን ከፍ ማድረግ ይረዳል፣ ግን በሽታውን አያድነውም። ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ለእያንዳንዱ ተጫዋች ነጥብ ሰጥቶ የሁለቱን ወገን ድምር ማወዳደር ነው። ክብደቱን ስትጨምርበት ዋጋውን ያስወድድብሃል እንጂ መደመሩን አይተውም። ትናንት በሦስት 78 የሸጠልህን ነገ በአራት ይሸጥልሃል። ስለዚህ ለውጡ መምጣት ያለበት ከአንተ አስተሳሰብ ነው። ቅንብሩ ሁለተኛ ነው።

ሦስት 78 ለምን አንድ 92 እንደማይሆን እንይ። ሜዳ ላይ ያለው የሾርትስቶፕ ቦታ አንድ ነው። ሦስት ሰው እዚያ ልታቆም አትችልም። ቡድኑ ውስጥም ቦታው የተቆጠረ ነው፤ ከ2020 ጀምሮ የሜጀር ሊግ ቡድን የሚይዘው 26 ተጫዋች ነው። አንድ ሰጥቶ ሦስት የሚቀበል ቡድን ሁለት ሰው ማሰናበት ወይም ወደ ማይነር ሊግ (ከሥር ወዳሉት ማሳደጊያ ቡድኖች) ማውረድ አለበት። የሚያሰናብታቸው ደግሞ ምናልባት 74 እና 75 ናቸው። እንግዲህ ያ ቡድን በ92ው ሾርትስቶፕ ፋንታ ያገኘው ነገር ምንድን ነው? ሁለት ቦታ ላይ ሦስት አራት ነጥብ መሻሻል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ትልቅ ጉድጓድ።

እኔ የምጠቀምበትን ዘዴ ልስጥህ። ልውውጥ ከማሰብህ በፊት የፍሪ ኤጀንቶችን ዝርዝር ክፈት። ኮንትራት የሌላቸውን፣ ማንም የትም በትንሽ ደመወዝ የሚያስፈርማቸውን ማለቴ ነው። በዚያ ቦታ የሚጫወተው ምርጡ ሰው ስንት ነው? 73 ነው እንበል። ያ ወለልህ ነው። ከወለሉ በታች ያለ ተጫዋች ዋጋው ዜሮ ነው፣ በነፃ የሚገኝ ነገር አይሸጥማ። የእያንዳንዱን ተጫዋች ዋጋ ከ73 በላይ ባለው ብቻ ለካው። 78ቱ አምስት አምስት ነጥብ ናቸው፣ ሦስቱ ተደምረው 15። ሾርትስቶፑ ብቻውን 19 ነው፤ ያውም በአንድ ቦታ ላይ ተከማችቶ። የቤዝቦል ተንታኞች «ምትክ ተጫዋች» የሚሉት ሐሳብ ከዚህ ጋር አንድ ነው። በእንደዚህ ዓይነት በነፃ በሚገኙ ተጫዋቾች ብቻ የተሞላ ቡድን ከ162 ጨዋታ 48 ገደማ ያሸንፋል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ተጫዋች የሚመዘነው ከዜሮ ተነስቶ አይደለም፣ ከዚያ ወለል ተነስቶ ነው።

እስካሁን ያልኩህ ግን ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ነገር ኦቨሮሉ ላይ የለም።

በእግር ኳስ ዝውውር የለመደ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ተጫዋች መግዛትን ነው የሚያስበው። በሜጀር ሊግ ቤዝቦል በዋናነት የሚደረገው ሰው በሰው መለወጥ ነው፤ የምትለዋወጡት ደግሞ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን በእጃችሁ ያሉትን ዓመታት ነው። በሊጉ ሕግ አንድ ተጫዋች በሜጀር ሊግ 172 ቀን ሲቆይ አንድ የአገልግሎት ዓመት ይቆጠርለታል። ረዘም ያለ ኮንትራት ካልፈረመ በስተቀር ስድስት ዓመት ሲሞላው ነፃ ይወጣል፣ ከፈለገው ቡድን ጋር ይፈርማል። ከስድስቱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ብዙውን ጊዜ ከዝቅተኛው ደመወዝ ብዙም ሳይርቅ ነው የሚጫወተው፤ በ2025 ያ ደመወዝ 760 ሺህ ዶላር ነበር። ቀጣዮቹን ሦስት ደግሞ ቡድኑና ተጫዋቹ ካልተስማሙ ደመወዙን ገላጋይ ይወስነዋል፣ በየዓመቱም ያድጋል። ስለዚህ 24 ዓመቱ የሆነ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ያገለገለ 92 ሾርትስቶፕ ማለት አራት ዓመት ሙሉ የገበያ ዋጋውን ሳትከፍለው የምታጫውተው ሰው ነው። በቤዝቦል ውስጥ ከዚህ የበለጠ ውድ ነገር የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ያንተ ሦስት 78ዎች ዕድሜያቸው ስንት ነበር? ኮንትራታቸው መቼ ነው የሚያልቀው? በጥያቄህ ውስጥ አልጻፍከውም፤ እውነቱን ልንገርህ፣ አለመጻፍህ ራሱ ችግሩን ያሳያል።

ይሄን በአንድ ሰው ላይ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ አለ፤ ሁዋን ሶቶ። በነሐሴ 2022 ዋሽንግተን ናሽናልስ ሶቶን ለሳን ዲዬጎ ፓድሬስ ሰጠው። 23 ዓመቱ ነበር፣ ነፃ እስኪወጣ ሁለት ዓመት ተኩል ቀርቶታል። ናሽናልስ ከሶቶ ጋር ጆሽ ቤልን ጨምሮ ሰጠና ሲጄ ኤብራምስን፣ ማኬንዚ ጎርን፣ ሮበርት ሃሰልን፣ ጄምስ ዉድን እና ሃርሊን ሱሳናን ተቀበለ፤ አምስት ወጣቶች። ላዩ ላይ ደግሞ ሉክ ቮይት ተጨመረ። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ፣ ታኅሣሥ 2023፣ ያው ሶቶ እንደገና ተለወጠ፤ አሁን ወደ ኒው ዮርክ ያንኪስ። በምት ችሎታው ያው አስፈሪው ሶቶ ነው፣ 25 ዓመቱ። ግን የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ፓድሬስ ያገኘው ማይክል ኪንግን ጨምሮ አራት ወርዋሪዎችና አንድ ካቸር (ከወርዋሪው ኳስ የሚቀበል ተጫዋች) ነው፤ ያውም ከሶቶ ጋር ትሬንት ግሪሻምን አብሮ ሰጥቶ። ጥሩ ክፍያ ነው፣ ግን እንደ መጀመሪያው አንድ ቡድን ከሥሩ የሚያድስ አልነበረም። ሰውየው አልተቀየረም፤ ያለቁት ዓመታት ናቸው። ጌምህ ውስጥ ኦቨሮሉ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳይሃል፣ ዋጋው ግን አንድ አይደለም።

ደመወዝም እንዲሁ ነው። ጂያንካርሎ ስታንተን በ2017 ለማያሚ ማርሊንስ 59 ሆም ራን (ከሜዳው አጥር በላይ የሚሻገር ምት) መትቶ የናሽናል ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በዚያው ታኅሣሥ ወደ ያንኪስ ሄደ። ያንኪስ ምን ሰጠ? ስታርሊን ካስትሮንና ሁለት ገና ያልታወቁ ወጣቶችን። ኦቨሮል ብቻ ካየህ ይሄ ዓይን ያወጣ ዘረፋ ነው። ግን የስታንተን ኮንትራት ገና አሥር ዓመትና 295 ሚሊዮን ዶላር ይቀረው ነበር፣ ማርሊንስ ከዚያ ላይ 30 ሚሊዮኑን ብቻ ነው የሚሸፍነው። ትልቁ ክፍያ ያንኪስ የተሸከመው ዕዳ ነበር። ስለዚህ ጌምህ ውስጥ 90 የሆነ የ32 ዓመት ተጫዋች አይተህ፣ በትንሽ ነገር ላግኘው ብለህ ብታስብ፣ አንዳንዴ በትክክል ይቻላል። ኮንትራቱን ሙሉ በሙሉ ከወሰድክለት ያ ቡድን ሊያመሰግንህም ይችላል። ግን ያኔ ደመወዙን በእውነት ተሸከም። በሚቀጥለው ወር ለሌላ ቡድን አታራግፈው።

አሁን ወደ ሌላኛው ወንበር እንሂድ። ለእኔ ሁሉንም የለወጠልኝ ይሄ ነው።

ዘ ሾው ውስጥ 30ውንም ቡድን በራስህ ቁጥጥር ሥር የማድረግ አማራጭ አለ። ብዙ ሰው የሚፈራው ለማጭበርበር ስለሚመች ነው፣ እኔ ግን ለፍትህ ነው የምጠቀምበት። ልውውጥ ስፈልግ ቡድኑን እከፍትና የዚያ ቡድን ጄኔራል ማናጀር (ተጫዋች የሚያስፈርምና የሚለውጥ ኃላፊ) እሆናለሁ። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዛሬ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ የት ነን? ሐምሌ ላይ ከመሪው 14 ጨዋታ ወደኋላ የቀረ ቡድንና ሁለት ጨዋታ ብቻ ወደኋላ የቀረ ቡድን የሚፈልጉት ነገር አይገናኝም። የመጀመሪያው ዛሬን ሸጦ ነገን ይገዛል፤ ሁለተኛው ነገን ሸጦ ዛሬን።

ሐምሌ 2016ን አስታውስ። ከብስ ከ1908 ጀምሮ ዋንጫ አላነሳም ነበር፣ በዚያ ዓመት ግን ቡድኑ ተሟልቶ ቆሟል። ያንኪስ አስፈሪ ክሎዘር (የጨዋታውን መጨረሻ የሚዘጋ ወርዋሪ) አለው፣ አሮልዲስ ቻፕማን፤ ኮንትራቱ ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ያልቃል። ከብስ ለጥቂት ወር ቻፕማን ብሎ ግሌይበር ቶሬስን፣ አዳም ዋረንንና ሌሎች ሁለት ሰዎችን ሰጠ። ቶሬስ ከከብስ ወጣቶች ሁሉ አንደኛ ከሚባሉት ነበር። ከብስ በዚያው ዓመት ዋንጫውን አነሳ። ያንኪስ ደግሞ ሲዝኑ ካለቀ በኋላ ቻፕማንን በአምስት ዓመት 86 ሚሊዮን ዶላር መልሶ አስፈረመው፣ ቶሬስም እጁ ላይ ቀረ። ማን ተሸወደ? ማንም። ሁለቱም በዚያ ቀን የሚያስፈልጋቸውን አገኙ። ጥሩ ልውውጥ ለእኔ ይሄ ነው፤ ሁለቱም ወገን እሺ ያለበት የራሱ ምክንያት ሲኖረው።

በቅርቡ የሠራሁትን አንዱን ከነዝርዝሩ ላሳይህ። ሰቩ ውስጥ ቀኑ ሐምሌ 20 ነው። ቡድኔ ሁለተኛ ነው፣ ሦስት ጨዋታ ወደኋላ። ሁለተኛው ወርዋሪዬ ክርኑ ተጎድቶ ለዓመቱ ወጥቷል። የምፈልገው ሰው ከታች ካለ ቡድን ነው፤ 31 ዓመቱ፣ 86 ኦቨሮል፣ የዓመት ደመወዙ 18 ሚሊዮን ዶላር፣ ኮንትራቱ ሲዝኑ ሲያልቅ ያልቃል። ወደ ሌላኛው ወንበር ሄድኩና ቡድኑን አየሁ። ካቸራቸው 35 ዓመቱ ነው። ከሥር የሚተካው የለም። ወደ ራሴ ተመልሼ ደብል ኤ (ከሜጀር ሊግ ሁለት ደረጃ በታች ያለ ሊግ) ላይ ያለ የ21 ዓመት ካቸር አቀረብኩ፤ 64 ኦቨሮል፣ ፖቴንሻሉ (ወደፊት ሊደርስበት የሚችለው ደረጃ፣ ኤ ከፍተኛው ነው) ሲ። ከሌላኛው ወንበር ሆኜ ስመልስ «አይሆንም» አልኩ። ለምን? ዋንጫ የሚፈልጉ ሌሎች አራት ቡድኖች ወርዋሪ እየፈለጉ ነው፣ እኔ ምን አስቸኮለኝ? ቢ ፖቴንሻል ያለውን ሌላውን ካቸር ጠየቅሁ። በራሴ ወንበር ደግሞ ያንን ልጅ ለሁለት ወር ሰው መስጠት አንጀቴ አልችል አለ።

የተፈታው በገንዘብ ነው። ከ18 ሚሊዮኑ በዚያ ቀን ገና ያልተከፈለው ከ7 ሚሊዮን ትንሽ ያነሰ ነው። ሁሉንም እኔ እከፍላለሁ ብል ክፍያዬ የሲው ካቸርና አንድ የ24 ዓመት ሬሊቨር (ጨዋታ የጀመረውን ወርዋሪ የሚተካ ወርዋሪ) ይሆናል። እነሱ ግማሹን ይክፈሉ ካልኩ ግን የቢውን ካቸር መስጠት አለብኝ። በጀቴ ላይ ቦታ ስለነበረ የመጀመሪያውን መረጥኩ። አርባ ደቂቃ ወሰደብኝ፣ በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ አንድም ኳስ አልተወረወረም፣ ግን ከዚያ ሲዝን በደንብ የማስታውሰው እሱን ነው። ወርዋሪው ለእኔ ስምንት ጨዋታ ጀመረ፣ ዋንጫው ግን አልመጣም። ሬሊቨሩ እዚያ ጥሩ ሆነ። ይሁን።

«ይሁን» የምለው አንድ ነገር እንድትይዝልኝ ስለምፈልግ ነው። ፍትሃዊነት የሚለካው በተፈረመበት ቀን ነው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ አይደለም። በነሐሴ 1987 ዲትሮይት ታይገርስ ለዋንጫ እየተፋለመ ወርዋሪ ስለፈለገ ዶይል አሌክሳንደርን ከአትላንታ ብሬቭስ ወሰደ። የሰጠው የ20 ዓመት ወርዋሪ ጆን ስሞልትዝ ይባላል። አሌክሳንደር ለታይገርስ ዘጠኝ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ዓመቱን ጨረሰ፣ ቡድኑም ምድቡን አሸነፈ። ስሞልትዝ ደግሞ አድጎ አድጎ በ2015 የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገባ። ዛሬ ሰው ይሄንን ልውውጥ ሲያነሳ ታይገርስን እንደ ሞኝ ይቆጥራል። እኔ አልስማማም። በዚያ ነሐሴ ማንም የማያውቀው ልጅ ነበር የሰጡት፣ የፈለጉትንም አግኝተውበታል።

ሁሉም ልጅ ደግሞ ስሞልትዝ አይሆንም። ሙኪ ቤትስ በየካቲት 2020 ከቦስተን ሬድ ሶክስ ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሲሄድ ጂተር ዳውንስ ከክፍያው ዋና ተስፋ አንዱ ነበር። ለሬድ ሶክስ በሜጀር ሊግ 14 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ በ2022 መጨረሻ ከቡድኑ ወጣ። ተስፈኛ ተጫዋች ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ አንዳንዴ ላሟ ትወርዳለች፣ ብዙ ጊዜ ግን እዚያው ትቀራለች። ጌሙ ላይ ግን አንተ ይሄ አያስጨንቅህም፣ ምክንያቱም ፖቴንሻሉ ኤ ተብሎ ፊት ለፊት ተጽፎልሃል። ከሁሉም በላይ እውነታውን የሚያበላሸው ይሄ ይመስለኛል። እውነተኛ ጄኔራል ማናጀር የማያውቀውን አንተ ታውቃለህ። እኔ አሁን 22 ዓመት ያልሞላውን ተጫዋች ፖቴንሻል አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጌ ነው ዋጋ የምሰጠው፤ የራሴን ልጆች ስሸጥም፣ የሌላውን ስገዛም። ኤ የተባለውን እንደ ቢ፣ ቢ የተባለውን እንደ ሲ። ሌላውን የቤዝቦል ጌም፣ አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦልን፣ ከተጫወትክ ደግሞ የመልማዮችን ትክክለኛነት ዝቅ የሚያደርግ ቅንብር አለው፣ ዝቅ አድርገው። ያኔ መልማይህ ራሱ ይሳሳትብሃል፣ ጌሙም ሌላ ጌም ይሆናል። እዚያው የልውውጥ ክብደትንና ኮምፒውተሩ ለነባር ተጫዋች ያደላ ወይስ ለወጣት የሚለውንም ታገኛለህ። እኔ ክብደቱን ከመካከለኛው አንድ ከፍ፣ ምርጫውን ደግሞ ትንሽ ወደ ወጣቶች አድርጌ ነው የምጫወተው። ለነባር ካደላ ያረጁ ስሞችን በወርቅ ይገዛልሃል፤ የምትሸውደው በዚያ በኩል ይሆናል ማለት ነው።

ሕጎቹን ደግሞ ቶሎ ልበልና ልለፍ። ጌምህ ባያስገድድህም አንተ አክብራቸው። ከ2019 ጀምሮ የልውውጥ መዝጊያ ቀን አንድ ብቻ ነው፣ በሐምሌ መጨረሻ አካባቢ፤ ከዚያ በኋላ ሲዝኑ እስኪያልቅ የሜጀር ሊግ ተጫዋች አትለውጥ። የድራፍት (ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት) ምርጫ በሜጀር ሊግ አይሸጥም፣ ለአነስተኛ ገበያ ቡድኖች ከሚሰጡት ልዩ ምርጫዎች በስተቀር። ዘንድሮ በድራፍት የመረጥከውን ልጅ የዓመቱ ወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ሳያልቅ መስጠት አትችልም። አሥር ዓመት ያገለገለና የመጨረሻዎቹን አምስት በአንድ ቡድን የቆየ ተጫዋች ደግሞ አልሄድም የማለት መብት አለው። ሌሎች ይሄን መብት በኮንትራታቸው ያስገባሉ። የሶቶው ልውውጥ መጀመሪያ ሲዘጋጅ ኤሪክ ሆዝመር አብሮ ወደ ዋሽንግተን ሊሄድ ነበር፣ እሱ እምቢ አለ፤ ቮይት የገባው በእሱ ቦታ ነው። ስታንተንም ወደ ያንኪስ ከመሄዱ በፊት ለሳን ፍራንሲስኮና ለሴንት ሉዊስ እምቢ ብሏል። እኔ ጌም ውስጥ 34 ዓመቱ የሆነ ነባር ተጫዋች ልለውጥ ስል ሳንቲም እወረውራለሁ። ቡድኑ ለዋንጫ የሚፋለም ከሆነ ይሄዳል፣ ካልሆነ ሳንቲሙ ይወስናል። አንዴ ሙሉ ሳምንት የለፋሁበት ልውውጥ በሳንቲም ፈርሶብኛል። ተናድጄ ነበር፣ ግን ሳንቲሙን ደግሜ አልወረወርኩም።

በራሴ ላይ የጣልኳቸው ሌሎች ሕጎችም አሉ። ልውውጥ ውስጥ ከእኔ ወገን ከሚሄዱት ሰዎች ቢያንስ አንዱ ስሰጠው የሚያመኝ መሆን አለበት። ሁሉም የማልፈልጋቸው ከሆኑ አንድ ነገር ተበላሽቷል። በአንድ ሲዝን ከሦስት ትልልቅ ልውውጥ አላልፍም። ያመጣሁትን ሰው በዚያው ሲዝን መልሼ አልሰጥም። ኮምፒውተሩ የመጀመሪያ ሐሳቤን ወዲያው ከተቀበለ ደግሞ ከማጽደቄ በፊት እወጣና ሌላኛው ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ። በጣም ቀላል «እሺ» መስማት ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ሰቭ መልሶ መጫን የሚባለውንም ተወው። ልጁ ከሄደ በኋላ ኮከብ ከሆነ፣ ሆነ። ያ ነው የሚቆጭህ፣ የሚቆጭህም ነገር ነው ሰቩን ያንተ የሚያደርገው።

ከሰው ጋር በኦንላይን ሊግ የምትጫወት ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል፣ ምክንያቱም እዚያ ሌላኛው ወንበር ላይ ሰው አለ። እዚያ የእኔ ምክር አንድ ነው፤ ጓደኛህ የማያውቀውን ነገር እየተጠቀምክበት ከሆነ ንገረው። «የልጁ ኮንትራት ዘንድሮ እንደሚያልቅ አይተሃል?» በለው። አይቶ እሺ ካለ የራሱ ጉዳይ ነው። ሳያይ እሺ ብሎህ በማግስቱ ሲያውቅ ግን ሊጉ ይፈርሳል። ለዓመታት በቆየሁበት ሊግ ውስጥ ሰው ጥሎ የወጣባቸውን ጊዜዎች ሳስብ፣ በሽንፈት የወጣ አላስታውስም። የወጡት ተሸወድን ብለው ነው።

አሁን ወደ ሾርትስቶፑ ልመለስ። አዲስ ሰቭ አትጀምር፣ ያለህን ማስተካከል ይቻላል። 30ውንም ቡድን መቆጣጠሪያውን ክፈትና የወሰድክበትን ቡድን አየው። በዕድሜው፣ በቀሩት ዓመታትና በቦታው ስትመዝነው ትክክለኛ ክፍያው እንደ 2022ቱ ሶቶ ዓይነት ነው፤ ከወጣቶችህ ሁለቱ ምርጦች፣ አሁኑኑ በሜጀር ሊግ የሚጫወትና አራት አምስት ዓመት የሚቀረው አንድ ልጅ፣ በላዩ ላይ አንድ ገና ሩቅ ያለ ጠንካራ ወርዋሪ። ሦስቱን 78ዎች መልሰህ ውሰድና ይሄንን ክፈላቸው። ቡድንህ ይሳሳል፣ 120ውም ወደ 90ዎቹ ይወርድ ይሆናል፣ ጥሩ።

ግን ከመክፈልህ በፊት አንዴ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥ። ቡድኑ ለዋንጫ እየተፋለመ ከሆነ፣ ወይም ልጁን ለማስቀረት የሚበቃ ገንዘብ ካለው፣ አራት ዓመት የሚቀረውን የ24 ዓመት ልጅ አንተ ራስህ በምን ዋጋ ትሸጠዋለህ? መልስህ «በምንም» ከሆነ ሾርትስቶፑን መልስ፣ ሦስቱን 78ዎች ተቀበልና ሲዝኑን ከዚያው ቀጥል።